ግራሙ ተመዝግቦ ቀኑ ሲቀር፦ የሒሳብ መዝገብ፣ ጉልበትና ሥራ ፈጠራ በአሶሳ የወርቅ ቁፋሮ

ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ የምትገኘው አሶሳ የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ርእሰ ከተማ ናት። በዙሪያዋ ያሉት እንደ ሸርቆሌ፣ ኩርሙክና መንጌ ያሉ ወረዳዎች በወርቃቸው የታወቁ ናቸው። በእነዚህ ወረዳዎች በርካታ ቤተሰቦች ከእርሻቸው ጎን ለጎን፣ አንዳንዶቹም ከእርሻቸው ይልቅ፣ በባህላዊ መንገድ ወርቅ ቆፍረውና አጥበው ይኖራሉ። የንግድ ሥራ ትምህርት ቤቶች በተለያዩ ክፍሎች የሚያስተምሯቸው ሦስት የጥናት ዘርፎች፣ ማለትም የሒሳብ አያያዝ፣ የሥራ ግንኙነትና ሥራ ፈጠራ፣ በአንድ ጉድጓድ አፍ ላይ ተሰብስበው የሚታዩት በዚህ ስፍራ ነው። ሆኖም የሦስቱ ዘርፎች ተመራማሪዎች እርስ በርስ እምብዛም ስለማይነጋገሩ፣ ከጉድጓዱ የሚወጣው ወርቅ ሲመዘገብ ወርቁን ያወጣው ጉልበት ሳይመዘገብ ይቀራል። ይህ መጣጥፍ የሚሞግተው ይህ ጉድለት የአጻጻፍ ጉድለት ብቻ አለመሆኑን ነው፤ ማን ሠራተኛ፣ ማን ባለሀብት፣ ማንስ ሥራ ፈጣሪ ተብሎ እንደሚጠራ የሚወስነው የተመዘገበውና ሳይመዘገብ የቀረው ነገር ነውና።

የቆየ ሚዛን

የቤላ ሻንጉል ወርቅ መመዘን የጀመረው ዛሬ አይደለም። የግብፁ ገዥ መሐመድ ዓሊ እ.ኤ.አ. ከ1820 ጀምሮ ጦሩን ወደ ሱዳን ባዘመተ ጊዜ ከዋና ዋና ዓላማዎቹ መካከል አንዱ የዚህን አካባቢ ወርቅ ማግኘት ነበር። በ1890 ዓ.ም. የራስ መኮንን ዘመቻ አካባቢውን በዐፄ ምኒልክ ግዛት ሥር ካስገባ በኋላ ደግሞ ሼክ ኾጀሌ አል ሐሰንን የመሰሉ የአካባቢው ገዥዎች ግብራቸውን በወርቅ ያስገቡ ነበር። ኢጣሊያዊው የታሪክ ምሁር አሌሳንድሮ ትሪዩልዚ እ.ኤ.አ. በ1981 ያሳተመው የአካባቢው ታሪክ ከርእሱ ጀምሮ ጨውን፣ ወርቅንና የሥልጣን ቅቡልነትን በአንድ ላይ ያነሣው ያለ ምክንያት አልነበረም።

ግብር አስገቢውም ሆነ ግብር ተቀባዩ የሚያውቁት መለኪያ አንድ ነበር፤ እርሱም ወቄት ነው። ወቄቱን ለመሙላት ስንት ሰው ስንት ቀን እንደቆፈረ ለገዥው መዝገብ አስፈላጊ አልነበረም። ለግብር የሚሠራ ሒሳብ የሚጨነቀው ለሚገባው ነገር እንጂ ለሚወጣው ጉልበት አይደለምና።

የዛሬው ሥርዓት ከዚያ ዘመን በብዙ መልኩ ይለያል። የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002 ባህላዊ የማዕድን ማምረት ፈቃድን ለኢትዮጵያውያን ብቻ ለይቶ አስቀምጧል። አምራቾች በኅብረት ሥራ ማኅበራትና በኢንተርፕራይዞች እንዲደራጁ ይበረታታሉ። የሚያመርቱትን ወርቅ የብሔራዊ ባንክ ይገዛል፤ የአሶሳው የንግድ ባንክ ቅርንጫፍም ከመረከቢያ ቦታዎች አንዱ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ወደ ባንክ የሚገባው ወርቅ በእጅጉ ጨምሯል፤ በ2017 የበጀት ዓመትም ወርቅ ቡናን ቀድሞ ከአገሪቱ የወጪ ንግድ ገቢ ከፍተኛውን ድርሻ ይዟል። ወርቁ አገርን ይጠቅማል፤ ይህ አያከራክርም። የሚያከራክረው ከወቄት ወደ ግራም የተሸጋገረው መዝገብ ዛሬም ከጉልበት ዓምድ ባዶ ሆኖ መቅረቱ ነው። ማኅበሩ ስንት ግራም እንዳስረከበ፣ ስንት ብር እንደተቀበለ ይታወቃል። ከዚያ በስተጀርባ ያለው የሰው ቀን ግን አይታወቅም።

ሒሳብ የሚያሳየውና የሚሸፍነው

የሒሳብ አያያዝ ያለውን እውነታ እንደ መስተዋት ብቻ የሚያሳይ ገለልተኛ ሙያ ነው የሚለው አስተሳሰብ በራሱ በሙያው ምሁራን ዘንድ ከተተቸ ቆይቷል። እንግሊዛዊው ፕሮፌሰር አንቶኒ ሆፕዉድ እ.ኤ.አ. በ1976 የመሠረተው የሒሳብ፣ የድርጅቶችና የኅብረተሰብ የጥናት መጽሔት ይህን ጥያቄ ማእከል ያደረገ ነበር። የመጽሔቱ ተመራማሪዎች ደጋግመው ያሳዩት ነገር የሒሳብ መዝገብ አንዳንዱን ነገር እንዲታይ፣ ሌላውን እንዲሰወር የሚያደርግ ማኅበራዊ ድርጊት መሆኑን ነው። የተቆጠረው ነገር የውሳኔ ርእስ ይሆናል፤ ያልተቆጠረው ከውይይት ይወጣል።

በአነስተኛ ንግድ ውስጥ በብዛት የሚሰወረው የባለቤቱና የቤተሰቡ ጉልበት ነው። በተለመደው የሒሳብ አያያዝ የግለሰብ ነጋዴ የራሱ ድካም እንደ ወጪ አይመዘገብም። ስለዚህ በመዝገቡ ላይ ትርፍ ተብሎ የሚታየው ቁጥር የካፒታል ትርፍንና ያልተከፈለ ደመወዝን አደባልቆ የያዘ ነው። ሱሬሽ ደ ሜል፣ ዴቪድ ማኬንዚና ክሪስቶፈር ዉድረፍ በስሪ ላንካ አነስተኛ ነጋዴዎች ላይ አካሂደው እ.ኤ.አ. በ2009 ያሳተሙት ጥናት ነጋዴዎች የሽያጭ ገቢያቸውን በ30 በመቶ ገደማ አሳንሰው እንደሚናገሩ አመልክቷል። የአነስተኛ ንግድን ገቢ መለካት እንኳ ይህን ያህል የሚያስቸግር ከሆነ፣ በዚያ ገቢ ውስጥ የተደበቀውን የጉልበት ዋጋ ለይቶ ማውጣት ምን ያህል እንደሚከብድ መገመት አያዳግትም።

የኢትዮጵያ የሕግ ማዕቀፍ ይህን ችግር ከሩቅ ነው የሚያየው። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው የፋይናንስ ሪፖርት አዋጅ ቁጥር 847 የኢትዮጵያ የሒሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ የሚመራውን ሥርዓት ዘርግቶ ዓለም አቀፍ የሪፖርት ደረጃዎች ደረጃ በደረጃ እንዲተገበሩ አድርጓል። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ሲወጣ ግብር ከፋዮችን ሀ፣ ለ እና ሐ ብሎ ከፍሎ፣ ዓመታዊ ገቢያቸው ከ500,000 ብር በታች የሆኑትን የሐ ደረጃ ግብር ከፋዮች መዝገብ ከመያዝ ግዴታ ነጻ አድርጓል። የመጀመሪያው ሕግ ዐይን በትላልቅ ድርጅቶች ላይ፣ የሁለተኛው ዐይን በግብር ላይ ነው። ሁለቱም በየፊናቸው ተገቢ ናቸው። በጉድጓዱ ላይ የሚሠራው ቡድን አባላት እርስ በርሳቸው የሚተሳሰቡበትን መዝገብ ግን ማንም አላሰበላቸውም።

አንድ ምናባዊ ጉድጓድ

ነገሩን በቁጥር ማየት ይጠቅማል። ከዚህ ቀጥሎ ያሉት አኃዞች ለስሌት ሲባል የተወሰዱ እንጂ ከመስክ የተሰበሰቡ አይደሉም። አንድ ገንዘብ አቅራቢና አምስት ቆፋሪዎች በአንድ ጉድጓድ ተስማሙ እንበል። ገንዘብ አቅራቢው ለምግብ፣ ለነዳጅና ለመሣሪያ 100,000 ብር ያወጣል። ቆፋሪዎቹ 60 ቀን አፈርና ድንጋይ ብቻ ያወጣሉ፤ በቀጣዮቹ 30 ቀናት 40 ግራም ወርቅ ያገኛሉ። የአንዱ ግራም ዋጋ 10,000 ብር ቢሆን ጠቅላላ ገቢው 400,000 ብር ይሆናል። በስምምነታቸው መሠረት አስቀድሞ የገንዘብ አቅራቢው ወጪ ይመለሳል፤ ቀሪው 300,000 ብር ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ ለገንዘብ አቅራቢው፣ ግማሹ ለአምስቱ ቆፋሪዎች ይደርሳል።

የማኅበሩ መዝገብ 300,000 ብር ትርፍ ይላል። እያንዳንዱ ቆፋሪ 30,000 ብር አገኘ፤ ወርቅ በወጣባቸው 30 ቀናት ብቻ ቢካፈል በቀን 1,000 ብር ማለት ነው። ይህ ቁጥር ሰምቶ ወደ ጉድጓዱ የማይሮጥ ወጣት ጥቂት ነው።

አሁን አንድ ዓምድ ይጨመር። አምስቱ ሰዎች በ90 ቀናት ያወጡት ጉልበት 450 የሥራ ቀን ነው። ስለዚህ የእያንዳንዱ ቆፋሪ የቀን ገቢ 333 ብር ገደማ ይሆናል። በዚያው ጊዜ በሌላ የቀን ሥራ 400 ብር ማግኘት ይችሉ ነበር ብንል የጉልበታቸው ዋጋ 180,000 ብር ነው። ይህ እንደ ወጪ ቢታሰብ የጉድጓዱ ትርፍ 300,000 ሳይሆን 120,000 ብር ይሆናል። ገንዘብ አቅራቢው ግን ከወጪው በላይ 150,000 ብር ወስዷል፤ ቆፋሪዎቹ በአንጻሩ ሊያገኙት ይችሉት ከነበረው 30,000 ብር አጉድለዋል። ገንዘብ አቅራቢው ከእውነተኛው ትርፍ በላይ የወሰደው 30,000 ብር ቆፋሪዎቹ ያጎደሉት ያው 30,000 ብር ነው። ማንም ማንንም አልሰረቀም፤ ስምምነቱም ተከብሯል። መዝገቡ ዝም በማለቱ ብቻ ሀብት ከእጅ ወደ እጅ ተላልፏል።

ጉድጓዱ ባዶ ቢወጣ ምን ይሆናል? ገንዘብ አቅራቢው 100,000 ብር ይከስራል። ቆፋሪዎቹ ቀናቱን ሁሉ ቆፍረው ምንም ካላገኙ 180,000 ብር የሚገመት ጉልበት ይከስራሉ። ከጠቅላላው ኪሳራ ከስድሳ በመቶ በላይ የሚሆነው የእነርሱ ነው። ይሁን እንጂ የመጀመሪያው ኪሳራ በብር ስለሆነ ይታወሳል፤ ዕዳም ሆኖ ወደ ቀጣዩ ጉድጓድ ሊሻገር ይችላል። ሁለተኛው በሰው ወገብ ላይ ብቻ ተጽፎ ይቀራል።

በስሌቱ ውስጥ ገና ያልገቡም አሉ። በአካባቢው አፈር የሚሸከሙና ወርቅ የሚያጥቡ ሴቶች ቁጥራቸው ብዙ ነው። ድርሻቸው በውል ካልታሰበ፣ የድካማቸው ዋጋ በባል ወይም በአባት ድርሻ ውስጥ ተውጦ ይቀራል። አምስት ሰው ተብሎ የተቆጠረው ቡድን በእውነቱ ሰባት ወይም ስምንት ሰው ሊሆን ይችላል ማለት ነው፤ ያን ጊዜ 333 ብሩም ይቀንሳል።

ሠራተኛ ወይስ ሥራ ፈጣሪ?

የኢኮኖሚክስ ምሁሩ ፍራንክ ናይት እ.ኤ.አ. በ1921 ባሳተመው ሥራው ሥራ ፈጣሪን ከሠራተኛ የሚለየው ማን የነገን አለመታወቅ እንደሚሸከም በመመልከት ነው። በእርሱ አገላለጽ ሥራ ፈጣሪው ለሠራተኛው የተወሰነ ክፍያ ያረጋግጥለታል፤ ከዚያ የተረፈውን ትርፍ ወይም የጎደለውን ኪሳራ ራሱ ይወስዳል። በዚህ ሚዛን ከታየ በምናባዊው ጉድጓድ የተወሰነ ክፍያ የተረጋገጠለት ሰው የለም። ቆፋሪው የሥራ ፈጣሪን ሥጋት ተሸክሞ የቀን ሠራተኛን ገቢ፣ አንዳንዴም ከዚያ ያነሰ ያገኛል። ሥራ ፈጣሪ የሚለው ስም ለዚህ ሰው የተሰጠው ክብር ነው ወይስ ጥበቃን መንፈጊያ? ጥያቄው ይህ ነው።

ጥያቄው የሕግ ውጤት ስላለው ቀላል አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ሰዓትን በቀን 8፣ በሳምንት 48 አድርጎ ይወስናል፤ ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጅ እንዳይቀጠር ይከለክላል፤ ለወጣት ሠራተኞች ከመሬት በታች የሚሠራ የማዕድን ሥራን ይከለክላል፤ በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳትም ኃላፊነትን ያስቀምጣል። የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ ቁጥር 1268/2014 ከአሠሪው 11 በመቶ፣ ከሠራተኛው 7 በመቶ መዋጮ ይጠይቃል። እነዚህ ሁሉ የሚጀምሩት አሠሪና ሠራተኛ አሉ ከሚል ነው። ግንኙነቱ ሽርክና ወይም ማኅበር ሲባል ጥበቃው ከበር ላይ ይመለሳል። የንግድ ሕጋችን በሽርክና ማኅበራት ሙያን እንደ መዋጮ የሚቀበል መሆኑ ደግሞ ሌላ መንገድ ያመለክታል፤ ቆፋሪው ሸሪክ ነው ከተባለ፣ ያዋጣው ነገር እንደ ገንዘብ አቅራቢው መዋጮ ሁሉ ሊመዘገብ ይገባዋል። ሠራተኛም ሸሪክም ያልሆነ ሰው በየትኛውም መዝገብ ላይ አይገኝም።

ይህ ችግር ከአሶሳ ውጭም ይታያል። ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን በአምስት የኢትዮጵያ ድርጅቶች ሥራ ፈላጊዎች ላይ ያካሄዱትና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው ጥናት ለአንዳንዶቹ የፋብሪካ ሥራ፣ ለሌሎቹ 300 ዶላርና የንግድ ሥልጠና በዕጣ እንዲደርሳቸው አድርጎ ውጤቱን አነጻጽሯል። ከአንድ ዓመት በኋላ የገንዘብ ድጋፍ ያገኙት ገቢያቸው በ33 በመቶ ጨመረ፤ ከፋብሪካ የገቡት አብዛኞቹ ሥራውን ብዙም ሳይቆዩ ለቀቁ፤ በፋብሪካ ሠራተኞች ላይም ከባድ የጤና ችግር ጨመረ። ከአምስት ዓመት በኋላ በተደረገው ክትትል ግን በቡድኖቹ መካከል የነበረው ልዩነት ጠፍቷል። ለአሶሳ ተመራማሪ ከውጤቱ ይልቅ መንገዱ ያስተምራል። ጥናቱ ሥራ ተፈጠረ ብሎ አላቆመም፤ ሰዓቱን፣ ገቢውንና ጤናውን ለይቶ ቆጠረ፤ ከዓመታት በኋላም ተመልሶ ቆጠረ። ለወጣቶች የተፈጠረ የሥራ ዕድል ብለን በየሩብ ዓመቱ የምናቀርበው አኃዝ ከእነዚህ አንዱን እንኳ አይዝም።

የቀን መዝገብ

መፍትሔው ለባህላዊ አምራቾች የተሟላ የድርብ ምዝገባ ሥልጠና መስጠት ነው ቢባል ስሕተት ይሆናል። አሌሃንድሮ ድሬክስለር፣ ግሬግ ፊሸርና በኤምአይቲ የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ፕሮፌሰር የሆነችው አንቷኔት ሾር በዶሚኒካን ሪፐብሊክ በአነስተኛ ብድር ተጠቃሚዎች ላይ አካሂደው እ.ኤ.አ. በ2014 ያሳተሙት ጥናት ይህን በግልጽ ያሳያል። መደበኛውን የሒሳብ ትምህርት የተማሩት ነጋዴዎች አሠራር ጉልህ ለውጥ አላሳየም። የቤትንና የንግድን ገንዘብ መለየትን የመሳሰሉ ቀላል ደንቦችን የተማሩት ግን የመዝገብ አያያዛቸውን አሻሻሉ። ትምህርቱ ሲቀል ሥራ ላይ ዋለ።

ለጉድጓዱ የሚስማማው ቀላል ደንብም ከሩቅ የሚመጣ አይደለም። በአገራችን ገበሬ ዘንድ ወንፈል የጉልበት ሒሳብ ነው። አንድ ሰው ለጎረቤቱ ሁለት ቀን ካረሰ ሁለት ቀን ይታረስለታል፤ ቀኑ በቀን ይመለሳል፤ ያልመለሰ ሰው ባለዕዳ መሆኑን መንደሩ ያውቃል። ደቦ በምግብና በመጠጥ ሲጠራ፣ ወንፈል በቆጠራ ይጠራል። ዕቁብም እንዲሁ ጸሐፊና ዳኛ አለው፤ የማን ተራ እንደደረሰ፣ ማን እንዳጎደለ በአባላት ፊት ይነገራል። ጉልበትንና ገንዘብን በአደባባይ የመተሳሰብ ልማድ ያለው ኅብረተሰብ ወርቅ ላይ ሲደርስ መተሳሰቡን የሚተውበት ምክንያት የለም።

የሚያስፈልገው አራት ዓምድ ያለው የቀን መዝገብ ነው፤ ቀን፣ የሠራው ሰው፣ የወጣ ገንዘብ፣ የወጣ ወርቅ። ቡድኑ የመረጠው ጸሐፊ ይይዘዋል፤ በየሳምንቱም በቡድኑ ፊት፣ አባላቱ በሚግባቡበት ቋንቋ፣ በበርትኛም ይሁን በአማርኛ፣ ድምፅ ከፍ አድርጎ ያነብበዋል። አፈር የተሸከመችው ሴትም ስሟ በዚያው ይነበባል።

በዚህ ሐሳብ ላይ ሦስት ተቃውሞዎች ይነሣሉ። የመጀመሪያው፣ መዝገብ ካለ ግብር ይከተላል፤ አምራቹም ወርቁን ወደ ድንበር ያሸሸዋል የሚለው ነው። ሥጋቱ መሠረት አለው። ስለዚህ የቀን መዝገቡ የቡድኑ ንብረት እንጂ የመሥሪያ ቤት ሰነድ መሆን የለበትም፤ ለባንክ የሚቀርበው የግራም ሰነድ እንደ ነበረ ይቀጥላል። ሁለተኛው፣ ገንዘብ አቅራቢው ከብዙ ባዶ ጉድጓዶች በኋላ አንድ ስለሚቀናው ድርሻው ትክክል ነው የሚል ነው። ይህም እውነት ሊሆን ይችላል። ይሁን እንጂ መዝገብ ከሌለ እውነትነቱን ማወቅ አይቻልም፤ የባዶ ጉድጓዶች ወጪ ሲመዘገብ ለገንዘብ አቅራቢውም ምስክር ይሆነዋል። ሦስተኛው፣ መተማመን ባለበት ቡድን ውስጥ መቁጠር ጠብ ይወልዳል የሚለው ነው። የዕቁብ ልምድ የሚያሳየው ተቃራኒውን ነው። በገንዘብ ሰበብ የሚጣሉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚጣሉት ስለቆጠሩ ሳይሆን በየልባቸው ለየብቻ ስለቆጠሩ ነው።

የተመራማሪው ድርሻ

የአሶሳ ዩኒቨርሲቲን የመሰሉ ተቋማት በዚህ ጉዳይ የሚኖራቸው ስፍራ ሌላው ሊተካው የሚችል አይደለም። ዛሬ በአገራችን የሒሳብ አያያዝ የሁለተኛ ዲግሪ የመመረቂያ ጽሑፎች በአብዛኛው በባንኮች ትርፋማነት፣ በግብር አሰባሰብና በሪፖርት ደረጃዎች አተገባበር ዙሪያ ይሽከረከራሉ። መረጃው እዚያ በቅርብ ስለሚገኝ ነው። የጉድጓዱ መረጃ ግን ገና አልተፈጠረም፤ ተመራማሪው ከአምራቾቹ ጋር ሆኖ ሊፈጥረው ይገባል። ጥቂት ቡድኖች አንድ ዓመት ሙሉ የቀን መዝገብ ቢይዙ፣ የክልሉ ባህላዊ አምራች በቀን በእርግጥ ስንት ያገኛል ለሚለው ጥያቄ ከግምት የተሻለ መልስ ይገኛል። የሒሳብ፣ የሥራ ግንኙነትና የሥራ ፈጠራ ተማሪዎች በአንድ መዝገብ ላይ ሦስት ጥናት ሊሠሩ ይችላሉ።

ጊዜውም አይጠብቅም። በኩርሙክ አላይድ ጎልድ የተባለው ኩባንያ አሻሽሬና ዲሽ ማውንቴን በተባሉት ቦታዎች ላይ ትልቅ የወርቅ ማዕድን እየገነባ ነው። ትልቅ ማዕድን ሲመጣ ወጣቱ ምርጫ ይቀርብለታል፤ ተቀጥሮ ደመወዝ ይቀበል ወይስ በራሱ ጉድጓድ ይቆይ? ከይዞታው ቢነሣ ካሳው በምን ይሰላል? የኩባንያው የሒሳብ ባለሙያ በድርድሩ ጠረጴዛ ላይ የተሟላ ሰነድ ይዞ ይቀርባል። ቆፋሪው ይዞት የሚቀርበው ያስረከበውን ግራም የሚናገር ወረቀት ብቻ ከሆነ፣ ያጣው ዘጠና ቀን ነው ወይስ ሠላሳ ብሎ የሚጠይቅለት አይኖርም። አራት ዓምድ ያለው ደብተር በዚያ ቀን የሚከፍለው ዋጋ ከደብተሩ ዋጋ እጅግ የበለጠ ይሆናል።